የእርሳስ አድራሻ

ስም በቀለም ጻፍ፣ አድራሻን በእርሳስ፤
ይሉኝ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አቶ ሉቃስ።
ጥምቀት አይፋቅም፤ ቤት ግን ይለወጣል፣
ኪራይ ይጨምራል፣ ልጅ ያገባል፣ አማት ይመጣል።

ሃያ ስድስት ዓመት በዚህች መስኮት ተቀመጥኩ፣
የቁምስናውን ሰው ከነቤት ቁጥሩ አወቅኩ።
ከዶሮ ማነቂያ እስከ ሰባ ደረጃ፣
ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ወንዙ መውረጃ፣
በእግር ቢሉ አምስት ደቂቃ፣
በወሬ ግማሽ ቀን፤ ቁምስናችን ያ ነበር፣ በቃ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።
ቀይ ቀለምም ገባ፣ በየግድግዳው፣ በየበሩ።
በግብጽ ምድር፣ አባ ኢዮብ እንዳነበቡልን፣
ቀዩን ያየ መልአክ አልፎ ይሄድ ነበር ከበሩ፤
የኛን ቀይ ያየ ግን
ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም።

እስከ ሆሣዕና ሁለት ላጲስ ጨረስኩ።
"ገላን ጉራ" ጻፍኩ፣ "አራብሳ" ጻፍኩ፣
"ብሎክ አርባ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፣"
"ቱሉ ዲምቱ፣ በስልክ ይጠየቅ።"
አንዳንዱ ጋ ወረቀቱ ሳሳ፤ የታችኛው ገጽ ታየ፤
ጎረቤት ከጎረቤት በመዝገብም ተለያየ።

ደግሞ አንድ ነገር ታዘብኩ፦ ሩቅ የሄደ አያረፍድም።
ቅዳሴው ሳይገባ ደጁ ላይ የሚቆሙት
ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ያንገላታቸው ናቸው።
ታምሩ ዳካሞ ከአራብሳ ከበሮውን
እንደ ሕፃን ታቅፎ ይመጣል፤
ወያላው ለከበሮው የአንድ ሰው ሒሳብ ያስከፍለዋል።
እኔ፣ ግቢው ውስጥ የማድር፣ የጫማዬን ክር እያሰርኩ
"ተንሥኡ" ሲባል እደርሳለሁ።

ባለፈው እሑድ ወይዘሮ ለተጽዮን መጡ፤
አንድ ፌስታል ቲማቲም መዝገቡ ላይ አስቀመጡ።
"ለሲስተር ፊሎሜና፣ ለልጆቹ ምሳ። እዚያ ርካሽ ነው።"
መንገዱስ? አልኳቸው።
"ኪሎሜትሩን አላውቅም፤ በመቁጠሪያ ነው የምለካው።
የደስታው ምሥጢር ቃሊቲ አለቀ፣ የሐዘኑ ሳሪስ፣
የክብሩ ለገሃር ላይ። ከዚያ ወዲህ ያለው
ከወያላው ጋር የመልስ ክርክር ነው።"
ጊዮርጊስንም ሲያልፉ ተሳልመው ነው የመጡት፤
"የባለቤቴ ታቦት ነው፣" አሉ፣ "ዘግቼው ባልፍ ይቀየመኛል።"

እርሳሴን ቀርጬ ላጲሱን አነሳሁ።
"ብሎክ ስንት ሆነ?"
እጃቸውን ገጹ ላይ ጫኑት፤ ሽንኩርት የሚሸት እጅ፤
"ይሄን አትንካብኝ። ከፈለግህ ከጎኑ ጻፍ እንጂ።
አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ሆኜ ነው የጠራሁት፣
ልጄን ሌሊት ሲያተኩሰው፣ ጎርፉ ሲገባ፣
ባሌ ሲያጣጥር።
ድንገት መልሱን ቢልክ፣ በየት በኩል ይምጣ?"

እግዚአብሔር አድራሻ ይጠፋዋል ወይ ብዬ
ልቀልድ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
ዋጥኩት።

አቶ ሉቃስ ይቅር ይበሉኝ፤
ከመሳቢያው ቀለም አወጣሁ። በእርሳስ የነበረውን፣
የፈረሰውን ቤት ቁጥር፣
ቀስ ብዬ በቀለም ደገምኩበት።
ገላንን በእርሳስ።

እሳቸው ወደ አውቶቡሱ ቸኩለው ሄዱ።
ፌስታሉን ከመዝገቡ ላይ ሳነሳ
አንዱ ቲማቲም ፈርጦ ኖሮ
በስማቸው ጥግ ቀይ ነገር ቀረ።
አልጠረግኩትም።